ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ ሥራው አገር ቤት

(በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል ቆጥረው ለጨረሱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከቤታችን የራቀ አይደለም። ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡና ከከሚሴ አካባቢ ብዙ ቤት ልጁን ወደ ዐረብ አገር ሸኝቷል። ልጅ ስትሸኝ እናት «መቼ ትመጫለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። እኛ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጨምርበታለን። «ስትመጪ ምን ይጠብቅሻል?» የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ከሄደችው ልጅ ዘንድ ብቻ አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚህ ከቀረነው ከኛ እጅ ነው። ስለዚህ ይኸ ንግግር ለሄዱት ሳይሆን ለቀሩት ነው። ገንዘቡን ተቀብላችሁ፣ ሥራውን አቁማችሁ፣ ደብተሩን የምትይዙት እናንተ ናችሁና።

በመጀመሪያ የሥራ ቪዛ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። የሥራ ቪዛ ማለት አንድ ሰው በሌላ አገር ለተወሰነ ጊዜ፣ ለተወሰነ ሥራ እንዲቆይ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ለምሳሌ የቤት ሠራተኛ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። አሠሪውን «ከፊል»፣ የመኖሪያ ወረቀቱን «ኢቃማ» ይሉታል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። እዚያ የራሷን ሱቅ ልትከፍት፣ ወይም ከውሏ ውጭ ሌላ ቤት ሄዳ ልትሠራ ቪዛው አይፈቅድላትም። በገዛ አገሯ ግን ወፍጮ ወይም ሱቅ ቢኖራት የሚከለክላት የለም። እንግዲህ የራሷ የምትለው ሥራ ሊኖራት የሚችለው እዚሁ አገር ቤት ነው ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሥራው አለ፣ ባለቤቷ የለችም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የሳዑዲ ሰዓት ከኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው፤ እዚህ ሲነጋ እዚያም ይነጋል። ግን የሰው ቤት ሠራተኛ ጊዜው የራሷ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆማለች። ስልኳን በፈለገች ጊዜ የማታነሣ ብዙ ናት። የወፍጮው ሞተር በተቃጠለበት ሰዓት ደውሎ «ምን ላድርግ?» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው እርሷ ስልክ ባታነሣም የሚሄድ፣ ስልክ ባነሣች ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ልታውቀው የምትችል ሆኖ መደራጀት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ቪዛ ያልቃል፤ አንዳንዴም ሳይታሰብ ይቋረጣል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደርጓል። ብዙዎቹ በእጃቸው ከያዟት ሻንጣ በቀር ምንም አልነበራቸውም። እዚህ የቆመ ሥራ የነበረው ሰው ግን ከአውሮፕላን ወርዶ የሚሄድበት ቦታ ነበረው። ወፍጮዋ ወይም ሱቋ የትርፍ ጉዳይ ብቻ አይደለችም የምንለው ለዚህ ነው፤ መመለሻ ናት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምሳሌያችን ወፍጮ ቤት ይሁን፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና።

አንደኛ፣ መነሻው ዕዳ እንዳይሆን። ልጅ ለመላክ ላም የሚሸጥ፣ በወለድ የሚበደር ቤት አለ። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ለዕዳ ካለቀ ለወፍጮ የሚተርፈው ምን ሊሆን ነው? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ እንደ ጤና ምርመራ ያለውን ነው። እንግዲህ «ለቪዛው ይኸን ያህል አምጡ» የሚል ደላላ በራችሁን ሲያንኳኳ ሕጉ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ ማለት ነው። ለደላላ ያልተከፈለ ብር የወፍጮው የመጀመሪያ ብር ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ በማን ስም ነው? ይኸን በምሳሌ እንየው። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኳ የብዙዎች ነውና። አንዲት ልጅ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠራች። የምትልከው ገንዘብ በወንድሟ የባንክ ሒሳብ ይገባል። ወንድሟም ቤት ተከራየ፣ ሞተርና ድንጋይ ገዛ፣ ወፍጮውን አቆመ። ታማኝ ሰው ነበር፤ አንድ ሳንቲም አላጎደለም። ነገር ግን የኪራይ ውሉ በስሙ፣ የሞተሩ ደረሰኝ በስሙ፣ የንግድ ፈቃዱም በስሙ ነበር። በስድስተኛው ዓመት ታመመና ሞተ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ወረቀቱን አወጡ። ወረቀቱ «የአባታችን ነው» ይላል። ሚስቲቱም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የልጆቿን እንጀራ ነው የጠበቀች። ሽማግሌ ተቀመጠ። በመጨረሻ ንብረቱ ለሁለት ተከፈለና የስድስት ዓመት ላብ የሦስት ዓመት ሆነ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ያጠፋው ሰው አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። «እርሱን አምነዋለሁ» ማለት መልካም ነው። ግን የታመነ ሰውም ይሞታል፤ የታመነ ሰውም ያገባል፤ የታመነ ሰውም ይፈታል። ስለዚህ ንግድ ፈቃዱ፣ የኪራይ ውሉ፣ የዕቃው ደረሰኝ በባለቤቷ ስም ይሁን። ገንዘቡም ከመሄዷ በፊት በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። በባንክ የተላከ ገንዘብ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ይቀራል። በሰው እጅ የተላከ ግን ከተቀባዩ አፍ በቀር ምስክር የለውም።

ሦስተኛ፣ ውክልና። ባለቤቷ ሳትኖር በስሟ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ይኸን ሥልጣን የሚሰጠው ወረቀት የውክልና ሥልጣን ማስረጃ ይባላል። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ ዛሬ በሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና በቁጥር 2199 እና በሚከተሉት ተጽፏል። ዋናውን ነገር በአጭሩ እንንገራችሁ።

በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ማስተዳደር ማለት ንብረቱን መጠበቅ፣ መጠገን፣ ገቢ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀውን ዕቃ መሸጥና ይኸን የመሰለው ነው። ቤት ለመሸጥ፣ መያዣ ለማድረግ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ ሕጉ ጥሩ አጥር አጥሯል። አጥሩን የምንነቅለው እኛው ነን። እንዴት? የተዘጋጀ ጽሑፍ ይሰጠንና ሳናነበው እንፈርማለን። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል» የሚሉ ቃላት ተሰግስገው ይገኛሉ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እናንተ አሁን ማንበብ ችላችኋል። ስለዚህ የውክልና ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ አራት ቃላት ፈልጉ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ሌላ መወከል። ወፍጮ ለማስፈጨት ከነዚህ አንዱም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ፈቃድ ማሳደስ፣ ግብር መክፈል፣ ኪራይ መክፈል፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ የመብራት ጉዳይ ማስፈጸም ነው። እነዚህ አንድ በአንድ ይጻፉ። የቀሩት ይሠረዙ።

ልጅቱ ውክልና ሳትሰጥ ከሄደች ደግሞ በዚያ ባለው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ልትሰጥ ትችላለች። ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት አልፎ ይሠራበታል። ውክልናን ባለቤቱ በፈለገው ጊዜ መሻር ይችላል። ሲሻር ግን በልብ መሻር አይበቃም። ለተወካዩ በጽሑፍ ይነገረው፣ ወረቀቱ ከእጁ ይመለስ፣ ባንኩም ይወቅ። ያልተመለሰ ወረቀት ያልተሻረ ያህል ሊያሳስት ይችላል።

አራተኛ፣ ደብተር። ሕጉ ተወካይ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳብ ማቅረብ አለበት ይላል። ሒሳብ የሚቀርበው ደግሞ ከትዝታ አይደለም፤ ከደብተር ነው። ደብተሩ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፣ የተፈጨው ኩንታል፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በየማታው፣ ወፍጮው ሲዘጋ ይጻፍ። ጧት ይጻፋል የተባለ ሒሳብ ሌሊቱን ይለወጣል።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንስጥ። ለስሌት እንዲቀል ነው እንጂ የየአገሩ ዋጋ ይለያያል። አንድ ኩንታል ለማስፈጨት 200 ብር ይከፈላል እንበል። በቀን 10 ኩንታል ቢፈጭ 2,000 ብር ነው። በወር 25 ቀን ቢሠራ 250 ኩንታል ይፈጫል፤ ገቢው 50,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለመብራት 9,000፣ ለወፍጮኛው ደመወዝ 8,000፣ ለኪራይ 6,000፣ ለድንጋይ መውቀር፣ ለቺንጋና ለጥገና 5,000 ብር ይወጣል። ድምሩ 28,000 ብር። የቀረው 22,000 ብር ነው። ይኸ ሁሉ ትርፍ ነው? አይደለም። ሞተሩ በ240,000 ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ያገለግላል ካልን በየወሩ 2,000 ብር እያረጀ ነው ማለት ነው። እርሱን ለብቻ አስቀምጡ። የቀረው 20,000 ብር ነው። ከርሱም የመንግሥት ግብር አለበት። እንግዲህ 50,000 ብር በእጅ ሲገባ «ሀብታም ሆንን» ያለ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ለምን እንደ ተቸገረ ገባችሁ አይደል?

ታዲያ ባለቤቷ ጅዳ ሆና ደብተሩ እውነት መሆኑን በምን ታውቃለች? እዚህ ላይ አንድ ምስክር አለን። የመብራት ቆጣሪው ነው። ወፍጮ ያለ መብራት አይፈጭም። ሥራው ሲጀመር ባለቤቷና ተወካዩ፣ ወይም አንድ ሽማግሌ ባለበት፣ 10 ኩንታል አስፈጭታችሁ ቆጣሪው ስንት እንደ ቆጠረ ጻፉ። ለአንድ ኩንታል 6 ኪሎዋት ሰዓት በላ እንበል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ 250 ኩንታል ካለ ቆጣሪው 1,500 መሄድ አለበት። 1,800 ሄዶ ከተገኘ የ300 ልዩነት አለ። 300 ለ6 ሲካፈል 50 ነው። የ50 ኩንታል፣ ማለት የ10,000 ብር፣ ጥያቄ ተነሣ ማለት ነው።

«ጥያቄ» አልን እንጂ «ሌብነት» አላልንም። ድንጋዩ ሳይወቀር ቆይቶ ከደነዘ መብራት ይበላል። እህሉ እርጥብ ከሆነም ይበላል። ለጤፍና ለሽሮ የሚፈጨው የላመ ዱቄትም ከክክ የበለጠ ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ድንጋዩ ይታያል፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። በየወሩ በአንድ በተቆረጠ ቀን የደብተሩን ገጽና የቆጣሪውን ፊት በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በኢሞ ላኩላት። እርሷም ጊዜ ባገኘች ሰዓት ታየዋለች። ተወካዩ ሲሞገስም ሲጠየቅም በወሬ አይሆንም፤ በቁጥር ይሆናል። ይኸ ለባለቤቷ ብቻ ሳይሆን ለተወካዩም ጋሻ ነው። «ወንድምሽ እየበላሽ ነው» ብሎ ከመንደር ደውሎ የሚነግራት አይጠፋምና።

በዓመት ውስጥ የማይታለፉ ቀኖችም አሉ። የግብር ዘመኑ ሰኔ 30 ይዘጋል። የንግድ ፈቃድ ማሳደሻው ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ያለፈ ቀን ቅጣት አለው። እነዚህን በደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፏቸው።

አምስተኛ፣ የብር ነገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ በአንድ ቀን ከ57 ብር ተነሥቶ 74 ብር ገደማ ገባ። የሳዑዲ ሪያል ደግሞ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ 3 ሪያል ከ75 ሀላላ በአንድ ዶላር። ስለዚህ በወር 1,000 ሪያል የምትልክ ልጅ የገንዘቧ ዋጋ ከ15 ሺህ ብር ወደ 20 ሺህ ብር ገደማ ዘለለ። ብዙ ቤት ደስ አለው። ነገር ግን ሞተሩም፣ ቺንጋውም፣ ኩሽኔታውም የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ትናንት በ57 ታስቦ የተገዛ ዕቃ ነገ በ57 አይተካም። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ አስቡት። በድሮ ዋጋ የገዛችሁትን ሸጣችሁ ያገኛችሁት ብር መልሶ ያንኑ ያህል ዕቃ ካልገዛ፣ አተረፍን ስትሉ ከስራችኋል። ለሞተሩ እርጅና የምታስቀምጡትንም ገንዘብ ሁሉንም በብር ከምታቆዩት ግማሹን ለሚያልቀው ዕቃ አውሉት። አንድ ትርፍ ቺንጋና ኩሽኔታ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ፣ ወፍጮው ሲሰበር አስፈጪው ወደ ሌላ መንደር አይሄድባችሁም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ተወካይም ሰው ነው። ብዙ ጊዜ «ወንድሜ አይደል፤ ምን ደመወዝ ያስፈልገዋል?» ይባላል። ይኸ ትልቅ ስሕተት ነው። እርሱ ጧት ማታ ወፍጮ ቤት ሲውል የራሱ እርሻ ይሰናከላል። በነጻ የሚሠራ ተወካይ ውሎ አድሮ ደመወዙን ራሱ ይቆርጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት በአገራችን የኖረው፣ ሹመት ያለ ቁርጥ ደመወዝ ስለ ተሰጠም ነው። ስለዚህ በወር ቁርጥ ክፍያ፣ በዓመት ደግሞ ከትርፉ ድርሻ ይታሰብለት፤ ይጻፍም። እስከ ስንት ብር ድረስ ሳይጠይቅ እንደሚያወጣም ይወሰን። ለምሳሌ እስከ 3,000 ብር የሆነ ጥገና ራሱ ይወስን፤ ከዚያ በላይ ግን ከርሷ መልስ ይጠብቅ።

የቤተሰቡም ነገር አለ። ለቅሶ ይመጣል፤ ሠርግ ይመጣል፤ ልጅ ይታመማል። ወፍጮው ቅርብ ነው፤ ሳጥኑም ክፍት ነው። «ለራሷ እናት ነው የወሰድኩት» ይባላል። እውነት ነው፤ እናት ትጦር። ግን ኪሱ ይለይ። በየወሩ በታወቀ ቀን ለቤት የታወቀ ገንዘብ ይሰጥ። ከዚያ በላይ የተወሰደው በደብተሩ «ለቤት» ተብሎ ይጻፍ። እናት ከልጇ ወፍጮ የወሰደችው መጻፉ ነውር የሚመስለው ካለ እንዲህ እንለዋለን፤ የተጻፈ ነገር አያጣላም፣ የሚያጣላው የተረሳው ነው።

እናቶችና አባቶች፤

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። በዚያን ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ አንባቢ ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞር ነበር፤ የቤቱም ምሥጢር አብሮ ይዞር ነበር። ዛሬ ደብዳቤው በስልክ ይመጣል። ግን የውክልና ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የቆጣሪ ቁጥር አሁንም የሚነበብ ነገር ነው። ያላነበበ አሁንም በአውራ ጣቱ ያትማል። መሃይምነት ሰውን የሚጎዳው በመጽሐፍ ፊት ሲቆም ብቻ አይደለም፤ የልጁን ላብ በእጁ ይዞ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል የአገራችን ሰው። አደራን የሚያጠብቀው ግን መሐላ ብቻ አይደለም። በስሟ የወጣ ፈቃድ፣ ተነቦ የተፈረመ ውክልና፣ በየማታው የሚጻፍ ደብተር ነው። ከነዚህ ሦስቱ አንዱን ዛሬ ማታ ለመጀመር የሚያስፈልገው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። ዓምዶቹን አሥምሩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጻፉ። ልጅቱ ስትመጣ፣ ቪዛዋ አልቆም ይሁን ተቋርጦ፣ ደብተሩን ከፍታችሁ የምታነቡላት እናንተ ትሆናላችሁ።



ለመወያያ

1. በምሳሌው ላይ የጅዳዋ ልጅ ወንድም ታማኝ ሆኖ ሳለ ንብረቷ ለምን ተከፈለ? ምን ቢደረግ ኖሮ ይድን ነበር?

2. ወፍጮው በወር 200 ኩንታል ፈጨ ይላል ደብተሩ። ለአንድ ኩንታል 6 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ቆጣሪው ስንት መሄድ ነበረበት? 1,320 ሄዶ ቢገኝ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ?

3. በቤታችሁ በውክልና የሚሠራ ጉዳይ ካለ ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡ። ከአራቱ ቃላት የትኛው አለበት?